ጥላን ያነበቡ ሰዎች

ገሃድ የወጣ ነገር ሁሉ «ፀሐይ የሞቀው፥ አገር ያወቀው» ይባላል። ፀሐይ ራሷ ምን እንደሆነች፥ ምን ያህል እንደምትርቅ፥ ምድርና ጨረቃም በእርሷ ፊት ምን ያህል እንደሆኑ ለማወቅ ግን የሰው ልጅ ሺህ ዓመታት ፈጅቶበታል። የሚገርመው ነገር የዚህ ዕውቀት ዋናው ክፍል የተገኘው ፀሐይን በማየት አለመሆኑ ነው፤ ዐይን አይችላትምና። የተገኘው ጥላን በማየት ነው።

ጥላ ስንል የድንኳንና የግራር ጥላ ብቻ ማለታችን አይደለም። ሌሊት ራሱ ጥላ ነው፤ ምድር ለፀሐይ ጀርባዋን በሰጠችበት በኩል ያለው ጨለማ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው የምድር ጥላ በጨረቃ ላይ ሲያርፍ ነው። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ደግሞ የጨረቃ ጥላ በምድር ላይ ሲያርፍ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ላይ መሬት ላይ የተተከለች የአንዲት በትር ጥላ ስትጨመር አራት ይሆናሉ። የጥንት ሊቃውንት መነጽርና መሣሪያ ሳይኖራቸው የሰማይን አሠራር የተረዱት በእነዚህ በአራቱ ጥላዎች ነው።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በሰፈራችን አዘውትሮ የሚሰማ አንድ አነጋገር ነው። «ትምህርት አገር ስንገባ ይደርሳል» ይባላል። መጽሐፍ የለም፥ ጠመኔ የለም፥ ክፍል የለም መባሉ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከዚህ በታች ስማቸው የሚነሣው ሰዎች አብዛኞቹ ያወቁትን ያወቁት ከተወለዱበት አገር ርቀው ሳሉ ነው። አንዳንዶቹም እንደ እኛ በፈቃዳቸው አልወጡም። አንባቢ ታሪኩን አይቶ ይፍረድ።

አናክሳጎራስ የሚባለው ፈላስፋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ምዕራባዊ ጠረፍ፥ ክላዞሜናይ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወደ አቴና ሄዶም ብዙ ዓመት እያስተማረ ኖረ፤ የከተማይቱ መሪ ፔሪክሊስም ወዳጁ ነበር። አናክሳጎራስ ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምታበራው ከፀሐይ በተቀበለችው ብርሃን ነው ብሎ አስተማረ። ግርዶሽም የጥላ ነገር መሆኑን ገለጸ። ፀሐይን የጋለ ድንጋይ ናት፤ ስፋቷም ፔሎፖኔዝ ከሚባለው ከደቡብ ግሪክ ምድር ይበልጣል አለ። ዛሬ ይህ ልክ እጅግ ትንሽ ሆኖ ያስቀናል፤ የፀሐይ የመሐል ስፋት የምድርን 109 እጥፍ ያህል ነውና። በዚያን ዘመን ግን ፀሐይ እንደ አምላክ ትታይ ስለነበር ንግግሩ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረ። አናክሳጎራስ ተከሰሰ፤ አቴናንም ለቆ በዳርዳኔልስ ወሽመጥ ዳር ወደምትገኘው ወደ ላምፕሳኮስ ተሰደደ። በዚያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ዓመት ገደማ ሞተ።

የአናክሳጎራስን ትምህርት ማንም ልጅ ዛሬ ማታ ሊፈትነው ይችላል። ፋኖስ አብርቶ ልጆቻችን ከጨርቅ የሚሠሩትን ኳስ በተዘረጋ እጅ ይያዝና በቆመበት ቀስ ብሎ ይዙር። ፋኖሱ ፀሐይ ነው፤ ኳሱ ጨረቃ ነው፤ የልጁ ራስ ደግሞ ምድር ነው። ኳሱ ወደ ፋኖሱ አቅጣጫ ሲሆን ለልጁ የሚታየው ጨለማው ጎን ነው። ጥቂት ሲዞር እንደ ማጭድ የቀጠነ ብርሃን ይታየዋል፤ ሩብ ዙር ሲዞር እኩሌታው ይበራል፤ ጀርባውን ለፋኖሱ ሲሰጥ ሙሉው ይበራል። ጨረቃ የምትወለደውና የምትሞላው እንደዚሁ ነው። ይህን ዑደት የምትፈጽመውም በ29 ቀን ከግማሽ ያህል ነው። ልጁ ኳሱን ዝቅ አድርጎ በራሱ ጥላ ውስጥ ቢያስገባው ደግሞ የጨረቃን ግርዶሽ ያያል። ታዲያ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ስለምን ግርዶሽ አይሆንም? የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ስለተጋደለ ነው። ብዙውን ጊዜ ጨረቃ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች።

ከአናክሳጎራስ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተነሣው አርስጣጣሊስ ደግሞ ያንኑ የጨረቃ ግርዶሽ በሌላ ዐይን ተመለከተው። በጨረቃ ፊት ላይ የሚያልፈው የምድር ጥላ ጫፉ ምንጊዜም ክብ ነው። ግርዶሹ በምሽትም ይሁን በእኩለ ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል፥ ጥላው አንድ ጊዜም ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አልታየም። ምድር እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ብትሆን ኖሮ ብርሃኑ በጎን በኩል ሲመጣ ጥላዋ እንደ ዱላ ቀጭን በሆነ ነበር። በየትኛውም አቅጣጫ ቢያበሩበት ክብ ጥላ የሚጥለው ኳስ ብቻ ነው። በተጨማሪም በግብፅ የሚታዩ አንዳንድ ከዋክብት ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ከአድማስ በታች እየሆኑ እንደሚሰወሩ አመለከተ። ስለዚህ ምድር ክብ ናት፤ ከክብነቷም በላይ ያን ያህል ትልቅ አይደለችም አለ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የመጠን ጥያቄ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ310 ዓመት ገደማ በሳሞስ ደሴት የተወለደው አርስጥሮኮስ ጨረቃ ልክ እኩሌታዋ ስትበራ ከምድር፥ ከጨረቃና ከፀሐይ የሚሠራው ሦስት ማዕዘን በጨረቃ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን እንደሚኖረው ተረዳ። እንግዲህ ከምድር ሆኖ በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለው ማዕዘን ቢታወቅ የርቀታቸው ድርሻ ይታወቃል ማለት ነው። እርሱ ማዕዘኑን 87 ዲግሪ አድርጎ ወሰደና ፀሐይ ከጨረቃ ከ18 እስከ 20 እጥፍ ትርቃለች አለ። እውነተኛው ማዕዘን ግን 90 ዲግሪ ሊሞላ ከሩብ ዲግሪ ያነሰ ነው የሚጎድለው፤ ፀሐይ የምትርቀውም 390 እጥፍ ያህል ነው። ልኩ ተሳስቷል፤ መንገዱ ግን ትክክል ነበር። በተሳሳተው ልክ እንኳ ፀሐይ ከምድር እጅግ እንደምትበልጥ ግልጽ ሆነ። አርስጥሮኮስም ምድር ናት በፀሐይ ዙሪያ የምትዞረው የሚል አሳብ አቀረበ፤ ይህንንም የጻፈልን ሌላው ሊቅ አርኪሜዲስ ነው። ኮፐርኒከስ ይኸንኑ አሳብ በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። አንድ ትክክለኛ አሳብ ሰሚ እስኪያገኝ ወደ 1800 ዓመት ጠበቀ።

አርስጥሮኮስ ያገኘው ድርሻን ብቻ ነው፤ ይህ የዚያን ይህን ያህል እጥፍ ነው ማለትን ነው። ድርሻው ወደ ርቀት ልክ እንዲለወጥ የምድር መጠን መታወቅ ነበረበት። ይህን የፈጸመው ኤራቶስቴኔስ ነው። የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር፥ በቀሬና ከተማ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ ስምዖን ቀሬናዊ የወጣባት ከተማ ናት። ኤራቶስቴኔስ ወደ ግብፅ ተጠርቶ የእስክንድርያው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት አላፊ ሆነ።

ከእስክንድርያ በስተደቡብ፥ በዓባይ ዳር፥ ዛሬ አስዋን የምትባለው የጥንቷ ሴዌኔ አለች። በዓመቱ ውስጥ ቀን እጅግ በሚረዝምበት ዕለት፥ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 14 ቀን ገደማ፥ በሴዌኔ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከራስ በላይ ትቆማለች፤ የቆመ ነገር ጥላ ያጣል፤ የጉድጓድ ውሃም እስከ ታች ድረስ ይበራል ተብሎ ይታወቅ ነበር። በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት በእስክንድርያ ግን የቆመ ነገር ጥላ አለው። ኤራቶስቴኔስ ጥላው የሚሠራውን ማዕዘን ሲለካ የአንድ ሙሉ ክብ 50ኛ እጅ፥ ማለት 7 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ያለ ሆኖ አገኘው።

ነገሩን ልብ እንበል። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ጨረሯ ወደ ሁለቱም ከተሞች የሚመጣው ጎን ለጎን ሆኖ ነው። የጥላው መለያየት የመጣው ከፀሐይ ሳይሆን ከምድር መጉበጥ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት የምድር ዙሪያ 50ኛ እጅ ነው ማለት ነው። ርቀቱ 5,000 ስታዲያ ተብሎ ይታወቅ ስለነበር የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ሆነ። አንድ ስታዲያ ስንት ሜትር እንደነበረ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ግን በዘመናችን መለኪያ ልንፈትነው እንችላለን። ከአስዋን እስከ እስክንድርያ በቀጥታ ከደቡብ ወደ ሰሜን ቢለካ ወደ 790 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ በ50 ሲባዛ 39,500 ይሆናል። የምድር ዙሪያ በዋልታዎቿ በኩል 40,008 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንዲት በትርና ከአንድ ጉድጓድ ይህን ያህል መቅረብ ታላቅ ነገር ነው።

በሴዌኔ ደጅ የሚያልፈው ውሃ አብዛኛው ከእኛው ደጋ የወረደ መሆኑንም እናስታውስ። ኤራቶስቴኔስ ስለ ዓባይ ገባሮችም ጽፏል፤ ከጠቀሳቸው ወንዞች አንዱ አስታቦራስ ነው። ይህም ዛሬ አትባራ የሚባለውና ተከዜ የሚገባበት ወንዝ ነው። ከእኛ ብዙዎች ያንን ወንዝ በእግራቸው የተሻገሩት መሆናቸውን መናገር አያስፈልግም።

በአገራችንስ? የሰማይን አቆጣጠር ለማወቅ አባቶቻችን ወደ ኋላ አላሉም። በሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ ደጆች እየወጣች በስድስት የምዕራብ ደጆች እንደምትገባ ይናገራል። ይህ ተራ ምሳሌ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ከአንድ ቦታ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የተመለከተ ሰው ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሄዶ እንደሚመለስ ያያል። ምክንያቱን ዛሬ እናውቃለን፤ ምድር የምትሾርበት ዛቢያ ከቀጥታው 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ነው። በብራና መጻሕፍትም ውስጥ በየወሩ የአንድ ሰው ጥላ በእያንዳንዱ ሰዓት ስንት እግር እንደሚሆን የሚያሳዩ ሠንጠረዦች አሉ። ሰው የእጅ ሰዓት ሳይኖረው የራሱን ጥላ በራሱ እግር እየለካ ሰዓቱን ያውቅ ነበር።

ባሕረ ሐሳብንም እንውሰድ። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ያህል ነው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ያህል ነው። ልዩነቱ 11 ቀን ነው፤ የአበቅቴ ስሌት የሚነሣውም ከዚህ ነው። አሥራ ዘጠኝ የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ስለሚገጥም የአበቅቴ ቁጥር በየ19 ዓመቱ ወደ መነሻው ይመለሳል። ይህም ንዑስ ቀመር ይባላል። የእስላም ወገኖቻችን አቆጣጠር ደግሞ ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። አንዱ ያንን 11 ቀን እያጠራቀመ ያስታርቀዋል፤ ሌላው እንዳለ ይተወዋል። በአንድ ሰፈር የምንኖር የሁለት ሃይማኖት ሰዎች በዓላችን የሚለያየው በአንዲት ጨረቃና በአንድ ቁጥር ነው።

ከፈቃዱ ውጭ ከአገሩ የወጣው ሌላው ሊቅ አል ቢሩኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ973 በማዕከላዊ እስያ በኽዋሪዝም ተወለደ። በ1017 የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ አገሩን ሲይዝ እርሱንም ከሌሎች ጋር ወደ ጋዝና ወሰደው። አል ቢሩኒ በዚያ አልቦዘነም። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው በናንዳና ምሽግ አጠገብ የአንድን ተራራ ቁመት ለካ። ከዚያም ከጫፉ ላይ ሆኖ አድማሱ ከቀጥታው ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ መዘነ። ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ የምድርን ስፋት አሰላ፤ ያገኘውም ልክ ከዛሬው ብዙ የራቀ አልነበረም። ኤራቶስቴኔስ ሁለት ከተሞች ሲያስፈልጉት እርሱ አንድ ተራራ በቃው።

ከዚያ ወዲህ ልኩ እየጠራ ሄዷል። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ብርሃኗ ወደ እኛ የሚደርሰው በአንድ ሰከንድ ጥቂት አለፍ ባለ ጊዜ ነው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጠዋት የሚሞቀን ብርሃን ከፀሐይ የተነሣው ከ8 ደቂቃ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ጨረቃ የወጡ ሰዎች ብርሃን የሚመልስ መሣሪያ ተክለው ተመለሱ። ከምድር ወደ እርሱ በሚላክ ጨረር ርቀቱ እስከ ዛሬ ይለካል፤ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደምትርቀንም በዚሁ ታውቋል።

ፀሐይ ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ትሰፋለች፤ 400 እጥፍ ያህልም ትርቃለች። ስለሆነም ሁለቱ በዐይናችን እኩል ይመስላሉ፤ ጨረቃም ፀሐይን ልክ ልትከድናት ትችላለች። ጨረቃ በመንገዷ ትንሽ ራቅ ስትል ግን አትሞላትም፤ ዳሩ እንደ ቀለበት ሲያበራ ይቀራል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ በላሊበላ የታየው ግርዶሽ እንዲህ ያለ የቀለበት ግርዶሽ ነበር። ለሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የተሰላው ግርዶሽ ደግሞ ሙሉ ነው። የጨረቃ ጥላ በግብፅ ሉክሶር፥ በቀይ ባሕር ማዶ በመካና በየመን አልፎ በሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ይሄዳል። በአፍሪካ ቀንድ በብዙ ቦታ በከፊል ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። በግርዶሽ ጊዜ ፀሐይን በባዶ ዐይን፥ በጥላሸት በጠቆረ መስተዋት ወይም በራጅ ፊልም ማየት ዐይንን ለዘለቄታው ያጠፋል፤ ሕመም ስለሌለውም ሰው ሳያውቀው ይጎዳል። የዘይት ቆርቆሮን በምስማር በስታችሁ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፤ በቀዳዳው ያለፈው ብርሃን መሬት ላይ የተገመጠች ፀሐይ ሆኖ ይታያል። የዛፍ ቅጠሎችም መካከል በሚያልፈው ብርሃን ይህንኑ ይሠራሉ። አሁንም የምናየው ጥላን እንጂ ፀሐይን አይደለም።

ኤራቶስቴኔስ የሠራውን እኛ መሥራት እንችላለን ወይ ለሚል ሰው መልሱ አዎን ነው፤ እንዲያውም መበተናችን ይጠቅመናል። ወገኖቻችን ካሉባቸው ቦታዎች ሁለቱን እንውሰድ፤ በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍና በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ካኩማ። ካርታ ላይ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ካኩማ ከገዳሪፍ በስተደቡብ በቀጥታ ያህል ትገኛለች፤ ስለዚህ እኩለ ቀናቸው አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረም 12 ወይም 13 ቀን አንድ ሰው በገዳሪፍ፥ አንድ ሰው በካኩማ አንድ ሜትር በትር በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርገው ይትከሉ። ቀጥ ማለቷን ድንጋይ የታሰረበት ክር ይነግራቸዋል። ከረፋዱ ጀምረው የጥላውን ጫፍ በጠጠር እያመለከቱ ይቆዩ፤ ጥላው እጅግ ያጠረበት ቅጽበት እኩለ ቀን ነው። የካኩማው ጥላ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል፥ የገዳሪፉ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እነዚህን በወረቀት ላይ አሳንሶ ሥሎ ማዕዘናቸውን የለካ ሰው አንዱን 4 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፥ ሌላውን 14 ዲግሪ ሆኖ ያገኘዋል። ልዩነታቸው ከ10 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል፤ የክብ 35ኛ እጅ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ወደ 1,140 ኪሎ ሜትር ነው። በ35 ብናባዛው 39,900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የምድር ዙሪያ በእጃችን ገባ ማለት ነው።

በሥራው ውስጥ ከበትሩና ከክሩ ሌላ አንድ አስፈላጊ ነገር አለ። እርሱም መተማመን ነው። በገዳሪፍ ያለው ሰው ካኩማን አያይም፤ በካኩማ ያለውም ገዳሪፍን አያይም። እያንዳንዱ የራሱን ጥላ በትክክል ለክቶ፥ ሳይጨምር ሳይቀንስ፥ ለሌላው መጻፍ አለበት። ኤራቶስቴኔስም ስለ ሴዌኔ ጉድጓድ ያወቀውን የተቀበለው ከሌሎች ሰዎች ነው። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ብቻውን ቢቆም የሚያየው የራሱን ጥላ ነው፤ ምድር ምን ያህል እንደሆነች የሚያውቀው ሩቅ ካለ ወንድሙ ቃል ጋር ሲያስተያይ ነው።

ወደ አናክሳጎራስ ልመለስ። በላምፕሳኮስ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ የከተማይቱ ሹማምንት ምን እንዲደረግለት እንደሚሻ ጠየቁት ይባላል። ሐውልት አልጠየቀም፤ ሬሳው ወደ አገሩ እንዲመለስም አልለመነም። በሞተበት ወር ልጆች በየዓመቱ ከትምህርት እረፍት አግኝተው እንዲጫወቱ ፈለገ። ያም ልማድ ከሞተ በኋላ ለረጅም ዘመን ተጠብቆ እንደኖረ ተጽፏል። ልጆች እረፍት የሚያገኙት ግን አስቀድሞ ትምህርት ሲኖራቸው ነው። በስደት ምድር የሞተው ያ መምህር ልጆቹ እንደሚማሩ አልተጠራጠረም።

ስለዚህ ወላጆች፥ በየብሎኩ ያላችሁ ወጣቶችና መምህራን፥ ለመስከረም አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት አዘጋጁ። ገዳሪፍ ወይም ካኩማ ዘመድ ያላችሁም የበትሩን ቁመት፥ ቀኑንና የጥላውን ልክ ጽፎ እንዲልክላችሁ ከአሁኑ ጻፉለት። ደብዳቤ እንደሚዘገይ እናውቃለን፤ የምድር ዙሪያ ግን በሚመጣው ዓመትም ያው ስለሆነ ቢዘገይም ይደርሳል።